በእናት የተቆጠረው ሐረግ

ጥር 19 ቀን 2009 ዓ.ም.
አዲስ ከተማ፣ አዲስ አበባ

ውድ እቴቴ፣

ቆብ ጭነው እማሆይ ወለተ ማርያም ከተባሉ ሁለት ዓመት ሊሞላዎት ነው፤ አንደበቴ ግን እስከ ዛሬ እሺ አላለኝም። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎት ሰው «እቴቴ» የሚለው ላይ ሲደርስ ግር ካለው፣ «የእህቴ ልጅ ናት፤ አፏን ከፈታች ጀምሮ የምትጠራኝ እንዲህ ነው» ይበሉልኝ። ምስጢር የሚመስል ነገር ሲያጋጥመውም እንዳይዘል ይንገሩት። ሁሉንም ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎት እፈልጋለሁ።

የላኩት መልእክት ደርሶኛል። ጎረቤታችን ሸዋርካብሽ ገዳሙን ተሳልማ ስትመለስ ቤት ድረስ መጥታ ነገረችኝ። ጉልበትዎ እንደ ደከመ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ሁለት ጊዜ እንደሚያርፉ፣ ዓይንዎም ጭጋግ እንደ ለበሰ ሰማሁ። «የእኛ ቤት ነገር በስተርጅና መጣብኝ መሰለኝ፤ ሳምሪን ጠይቂልኝ» ማለትዎንም አልደበቀችኝም። በነጋታው ይህንኑ ይዤ የዓይን ሐኪማችን ዶክተር ሰብሐት ቤት ሄድኩ። ጡረታ ወጥተዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። የእርስዎን ስም ስጠራ ግን ከወንበራቸው ተነሡ። የእኛ ቤት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት እንደሚመጣ፣ ሲመጣም ጭጋግ እንደማያለብስ፣ የሚያዩትን ነገር ከመሃሉ ቆርጦ እንደሚወስድ አስረዱኝ። የእርስዎ ሞራ ሳይሆን አይቀርም፤ ሞራ ደግሞ ይገፈፋል። «ግን ሳላይ አልፈርድም፤ አምጫቸው» አሉኝ። ስለዚህ የካቲት ከመግባቱ በፊት ምንይሉና እኔ መጥተን እንወስድዎታለን። እምቢ እንዳይሉ፤ እመምኔቷን በስልክ አስፈቅደናል።

ብዕር ያነሣሁት ይህችን ብቻ ልነግርዎ ነበር። ስጀምር ግን ዐሥራ አንድ ዓመት አፍኜ የያዝኩት ነገር ቀደመኝ።

ምንይሉ የታመመበትን ጥቅምት፣ የዘጠና ሰባትን፣ መቼም አይረሱትም። ወንድሜ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ከመርካቶ አስኮ ሚኒባስ ይነዳል። አንድ ቀን ጠዋት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ትራፊክ ፖሊስ እጁን አንሥቶ አስቆመው። ምንይሉ ከፀሐዩ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ ቀና ብሎ ሲያይ ሰውዬው ፊት የለውም። መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ ቁልፉን ለባለቤቱ መልሶ፣ በእግሩ ቤት መጣ። «ቆቡን አየዋለሁ፣ ጫማውን አየዋለሁ፤ ፊቱ ቦታ ላይ ግን ምንም የለም» አለን። ሕመም የለው፣ መቅላት የለው። እማዬ እንደ ቆመች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ወንድማችሁ ጋሼ ጥጋቡ በስድሳ ሰባት፣ በሃያ አራት ዓመታቸው፣ በዚያው ቤት ውስጥ ያንኑ ተናግረው ነበርና። መተት ነው ተብሎ ስንት ጠበል ዞረው፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ከጓዳችን ሳይወጡ ኖረው ያረፉትን አጎቴን የማስታውሰው ፊታቸውን ወደ ጎን መልሰው ሲያዳምጡኝ ነው። የምንይሉ ሁለተኛው ዓይን የገና በዓል ሳይደርስ ተከተለ።

የምንይሉና የእጮኛው የኢየሩስ ሠርግ ለፋሲካ ማግስት ተቆርጦ ነበር። የኢየሩስ አባት ጋሽ ገብረ ኢየሱስ በርበሬ ተራ የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ ክፉ ሰውም አልነበሩም። ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን አነሡ። ልጄን ለዓይነ ስውር አልሰጥም አላሉም። «የልጅ ልጆቼን እያወቅሁ ለጨለማ አላስወልድም» ነው ያሉት። ክፉው ነገር ምንይሉ ራሱ ልክ ናቸው ማለቱ ነው። ኢየሩስ እሑድ እሑድ ከራጉኤል ቅዳሴ ስትወጣ መጥታ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። ብዙም አይነጋገሩም። እሱ አትምጪ ይላታል፣ እሷ በሳምንቱ ትመጣለች።

ዶክተር ሰብሐት ዘንድ የሄድንበትን ቀን በልቤ እንዳለ ይዤዋለሁ። እማዬ፣ ምንይሉ፣ እርስዎና እኔ ነበርን። እርስዎ ሱቅዎን ዘግተው፣ የደንበኛ ጋቢ እንኳ ሳያደርሱ ነው የመጡት። ዶክተሩ ዓይኑን ካዩ በኋላ ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። እማዬ አንገቷን ደፍታ አንድ ወንድሜ ብቻ አለች። ያኔ እርስዎ ነጠላዎን አስተካክለው፣ «ዶክተር፣ እህቴ ያልጠቀሰችው አለ። ወረቀት ይያዙ» አሉ።

ከዚያ መቁጠር ጀመሩ። እናትዎን፣ የእናትዎን እናት፣ የእሷን እናት፣ እስከ አምስተኛዋ ሴት ድረስ። የእያንዳንዷን እኅቶች፣ የእያንዳንዷን ልጆች፣ ማን እንዳየ፣ ማን እንዳላየ፣ በስንት ዓመቱ ዓይኑ እንደ ጠፋ። ዶክተሩ መጀመሪያ ትዕግሥት ብቻ ነበር የሚታይባቸው። ቀስ በቀስ ለሴት ክብ፣ ለወንድ አራት ማዕዘን እየሳሉ፣ ዓይናቸው የጠፋውን እያጠቆሩ ሲሄዱ እርሳሳቸው ፈጠነ። ሲጨርሱ እርስዎ እንዲህ አሉ፦

«ሰው ሰባት ቤት የሚቆጥረው በአባት ነው። እኔ በእናት ቆጠርኩት። በእኛ ቤት የሚታወሩት ወንዶቹ ይበዛሉ፤ የታወረ ወንድ የወለደው ልጅ ግን አንድም አልታወረም፣ የልጅ ልጁም አልታወረም። ሴቶቹ አብዛኛዎቹ ያያሉ፤ የሚወርሰው ግን ከእነሱ ነው።»

ዶክተሩ እርሳሱን አስቀምጠው ይህን ማን እንደ ነገረዎት ጠየቁ።

«ማን ይነግረኛል?» አሉ እርስዎ። «ጥጋቡ ከታወረ በኋላ አገራችን ቡልጋ ከለቅሶም ከሠርግም አልቀረሁም። ቁጭ ብዬ ማን ማንን እንደሚመራ አየሁ።»

ከዚያ በኋላ ዶክተሩ የነገሩን ለእኔ ሕይወቴን የቀየረ ነገር ነው። በሰውነታችን ህዋስ ውስጥ እንደ ምድጃ የሆኑ፣ በዓይን የማይታዩ ነገሮች አሉ፤ ሚቶኮንድሪያ ይባላሉ። የምንበላውንና የምንተነፍሰውን ወደ ጉልበት የሚለውጡት እነሱ ናቸው። የራሳቸው የሆነ ትንሽ የዘር መመሪያ አላቸው፤ እሱ ደግሞ ከእናት ብቻ ነው የሚመጣው። «የአባት ዘር ሲገባ የራሱን ምድጃ ደጅ ጥሎ እንደሚገባ እንግዳ ነው» አሉ ዶክተሩ። በእኛ ቤት መመሪያው ውስጥ አንዲት ፊደል ተሳስታለች። ብዙ ጉልበት የሚፈልገው የዓይን ነርቭ እሳቱ ሲያንሰው ይሞታል። ለምን ወንዶቹን እንደሚያበዛ፣ ለምን አንዱን ወንድም ነክቶ ሌላውን እንደሚተው ስጠይቃቸው ግን አላውቅም አሉኝ። አላውቅም ያለ ሐኪም ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ያመንኳቸውም ለዚያ ነው።

ስለ ጉልበትዎ የጠየቁኝም መልሱ ከዚሁ ብዙ አይርቅም። ሰው ሲያረጅ እነዚህ ምድጃዎች በሁላችንም ውስጥ ይደክማሉ፤ አንዳንዱ ይጠፋል፣ አንዳንዱ እየጨሰ ይነድዳል። ሐኪሞቹ ብቸኛው ምክንያት እሱ ነው አይሉም፤ አንዱ ግን እሱ ነው። ስለዚህ ዳገቱ ላይ የሚያርፉት እርግማን ደርሶብዎ አይደለም፤ ሰባ ስድስት ዓመት ነድደው ነው። ዶክተር ሰብሐት «ይህኛውስ እኔም አለብኝ በያቸው» ብለው ከዘራቸውን አሳዩኝ።

የምንይሉ ደም ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። እርስዎ በሠርግና በለቅሶ የደረሱበት ሁሉ ልክ ነበር።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር መጣሁ። መስከረም ላይ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ቤት ለሽምግልና ሄድን። ከራጉኤል ጀርባ ባለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ዐሥራ ሁለት ያህል ሰው ነበር። እርስዎ ከሽማግሌዎቹ ቀድመው ተናገሩ። የዶክተሩን ወረቀት አስነበቡ። ምንይሉ የሚወልደው ልጅ ከዚህ በሽታ ነጻ መሆኑን፣ ነገሩ እሱ ላይ እንደሚያበቃ አስረዱ። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ አንድ ነገር ጠየቁ። «ወንዱ ካላወረሰ ማን ነው የሚያወርሰው? እኅቱስ?»

እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እሷ ታወርሳለች» አሉ እርስዎ። «እኔም ብወልድ አወርስ ነበር። ይኼውና እውነቱን ሳልሸሽግ ነገርኳችሁ፤ ስለ ልጁ የነገርኳችሁንም በዚያው እመኑኝ።»

አመኑዎት። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ወሬው ደግሞ ከሳምንት በኋላ ሸማ ተራን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ። ያኔ አብሮኝ የሚማር የምወደው ልጅ ነበር፤ ስሙን አልጠራም፤ እናቱ ሱቅዎ መጥተው ነጠላ ሲያማርጡ ቆይተው ምንም ሳይገዙ ሄዱ፤ ልጁም ከዚያ ወዲያ ቀረ። እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ግቢያችን ውስጥ፣ እማዬ ፊት፣ ምን እንዳልኩዎት ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን ዛሬ በእጄ ልጻፈው። «የራስዎ ልጅ ቢኖርዎት ኖሮ በአደባባይ አይነግዱባትም ነበር» አልኩዎት።

ወደ ቤትዎ ገቡ። ሁለት ዓመት በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን የእግዜር ሰላምታ እንኳ ነፈግሁዎት። እርስዎ ግን በየመስከረሙ ለትምህርቴ ልብስ በእማዬ እጅ መላክ አልተዉም።

ልቤን የመለሰው ምን እንደ ሆነ ነግሬዎት አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ክብና አራት ማዕዘን ሣሉ። በእናት ብቻ የሚወረስ በሽታ ምን እንደሚመስል አሳዩንና ሊቃውንት ይህን ለማረጋገጥ ስንት ዓመት፣ ስንት መሣሪያ እንደ ፈጀባቸው ነገሩን። ከዚያ ማንም ሰው አንድ ቤተሰብ ብቻ አይቶ በራሱ ሊደርስበት ይችል እንደ ሆነ አንድ ተማሪ ጠየቀ። መምህሩ አሰቡና በጣም አስተዋይ ሰው ይፈልጋል፣ ብዙ ትዕግሥትም ይፈልጋል አሉ። እጄን ላወጣ ፈልጌ አልቻልኩም፤ እንባ ያዘኝ። አክስቴ ናት ልል ነበር፤ ፊደል አልቆጠረችም ልል ነበር፤ ጋቢ ትሸጣለች ልል ነበር። ደግሞ አላናግራትም ማለትም ይከተል ነበር።

በቀጥታ ሸማ ተራ መጣሁ። ሱቁን እየዘጉ ነበር። ይቅርታ ለማለት መጥቼ አፌ ላይ የመጣው ሌላ ሆነ፤ ለምን አስቀድመው አልጠየቁኝም አልኩዎት። የያዙትን ጋቢ አጥፈው ሳይጨርሱ ነው የመለሱልኝ።

«ብጠይቅሽ እሺ ትዪኝ ነበር። ለወንድምሽ ብለሽ እሺ ትያለሽ። ከዚያ የመጣብሽ ሁሉ ራስሽ ያመጣሽው ይመስልሽና ዕድሜ ልክሽን ራስሽን ትረግሚያለሽ። እኔን ብትረግሚ ይሻላል ብዬ ነው። እኔ እችለዋለሁ።»

እቴቴ፣ ያን ቀን እግርዎ ላይ ወድቄ ስነሣ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም፤ የቀረውን እማዬ ናት የነገረችኝ፣ ከማረፏ በፊት በነበረው ክረምት። በሠላሳ አራት ዓመትዎ አንድ የምንጃር ሰው ሊያገባዎት ሽማግሌ ልኮ እንደ ነበር፣ እርስዎም ይወዱት እንደ ነበር፣ ጋሼ ጥጋቡ በታወሩ በዓመቱ ቡልጋ ደርሰው ከመጡ በኋላ ግን ምክንያቱን ሳይነግሩት እንደ መለሱት ነገረችኝ። ለእሷም የደረሱበትን እንዳልሸሸጓት አልደበቀችኝም። «ነግራኝ ነበር» አለችኝ እማዬ። «እኔ ግን ልጅ ፈለግሁ። ወለድኳችሁ።»

ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ፣ ምንይሉ ሲታወር እቴቴ ምን አለችሽ የሚል ነበር። እማዬ ሳቀችና ያን ሰሞን «እኔ ነኝ ያሳወርኩት» እያለች ደረቷን ስትመታ እጇን ይዘው የነገሯትን ነገረችኝ። «እጁንም እግሩንም ልቡንም የሰጠሽው አንቺ ነሽ። ያን ሁሉ ስትሰጪ ያላመሰገነሽ ሰው በአንዱ አይጠይቅሽም» ብለዋት ነበር። ነግሬሽ ነበር የሚለውን ቃል ግን እስከዚያች ዕለት ድረስ አንድም ቀን ከአፍዎ እንዳልሰማች ማለችልኝ። ሰው እውነት ይዞ ዝም ማለት ሲችል፣ ያው ሰው ደግሞ እውነት ይዞ ዐሥራ ሁለት ሰው ፊት መናገር ሲችል፣ የቱን መቼ እንደሚያደርግ ማወቅ ከየት ይገኛል? በላቦራቶሪ መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። ብዙ የተማሩ ሰዎች አግኝቻለሁ። የሚያዩትን የሚያውቁ አሉ፤ ያወቁትን ምን እንደሚያደርጉበት የሚያውቁ ግን ጥቂት ናቸው። እኔ እርስዎን አውቃለሁ።

ምንይሉ ደህና ነው። ሱቅዎን እሱና ኢየሩስ ይዘውታል። በዓይኑ ጠርዝ ስለሚያይ ሸማ ተራ ውስጥ ብቻውን ይሄዳል፤ ደንበኛ ፊት ለፊት ሲቆም ወደ ጎን እያየ ስለሚከራከር የማያውቁት ንቆን ነው ይላሉ። ሦስቱም ልጆች ደህና ናቸው። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ትንሹን አዝለው በርበሬ ተራ ሲዞሩ ቢያዩዋቸው ይስቁ ነበር።

አሁን ደብዳቤውን ለሚያነብልዎት ሰው ትንሽ ያርፍ ዘንድ ይንገሩልኝና ይህን ይስሙኝ።

አርግዣለሁ። አምስት ወር ሆኖኛል።

ባለቤቴ ይመር ሳያውቅ አላገባኝም። ከሠርጋችን በፊት ሁሉንም ነገርኩት። ሦስት ቀን ጠፋ፤ በአራተኛው ቀን መጥቶ ዶክተሩ ዘንድ ውሰጂኝ አለኝ። ዶክተር ሰብሐት አላጽናኑንም፣ አላስፈራሩንም። ወንድ ከሆነ ዓይኑን የማጣት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ያህል፣ ሴት ከሆነች ከዐሥር አንድ ያህል እንደ ሆነ፣ ሴቷ ግን በተራዋ እንደምታወርስ ነገሩን። አንድ ዓመት ሙሉ ተነጋገርን። በመጨረሻ ምንይሉን ልጠይቀው ሄድኩ፤ ከእሱ ሌላ የሚመልስልኝ የለምና። ባትወለድ ይሻልህ ነበር ወይ ብዬ እኅት ወንድሟን የማትጠይቀውን ጠየቅሁት። «አልዋሽሽም» አለኝ። «በመጀመሪያው ዓመት ብትጠይቂኝ ኖሮ አዎ እልሽ ነበር። አሁን አልልም። ግን የእኔን መልስ ይዘሽ አትውለጂ፤ የራስሽን ያዢ።»

የራሴን ያዝኩ። ይመርም የራሱን ያዘ።

የፈራሁት እርስዎን ነው። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን የተዉትን ነገር እኔ አውቄ ላደርገው ነው። በእርስዎ ሕይወት ላይ የፈረድኩ እንዳይመስልዎት ፈራሁ። አልፈረድኩም። እማዬም አውቃ መረጠች፣ እርስዎም አውቀው መረጡ፤ የሁለታችሁም ልጅ ነኝ። እርስዎ ባይቆጥሩት ኖሮ እኔ ምን እንደምመርጥ እንኳ አላውቅም ነበር። ልጁ ሲያድግ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ነገሩን ከጎረቤት አይሰማም። እኔ እነግረዋለሁ፤ ማን እንደ ደረሰበትም እነግረዋለሁ።

ቅር ብሎዎት እንደ ሆነ ስንመጣ በፊቴ ይንገሩኝ። ሁለት ዓመት ዝም ያልኩዎት እኔ ነኝ፤ ያንን ብቻ አይመልሱብኝ። የሚሉኝን ሁሉ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ከዚያ ሲጨርሱ፣ እጅዎን ሆዴ ላይ ያሳርፉልኝ።

የእኅትዎ ልጅ፣
ሳምራዊት